ሳድባርግ የገመጠችው ዳቦ

ሰኔ ሲገባ የሙያ ትምህርት ቤታችን ዲሬክተር ናዚሮቭ መምህራኑን ሰብስቦ፣ «እያንዳንዳችሁ ከሚመረቁት ልጆች አንድ የምትወዱትን መርጣችሁ አንድ ገጽ ጻፉ፣ በምረቃው ቀን ይነበባል» አለን።

እኔ እንደ ልማዴ በሩ አጠገብ ነበርኩ። የልብስ ስፌት አስተማሪዋ ዞር ብላ እኔን እያየች፣ «ኡስቶ ማስቱራም ትጽፋለች?» አለች። በክፋት አይመስለኝም። ዲሬክተሩ «ለምን አትጽፍም?» አለ። አንገቴን ደፋሁ። መድፋቴ እሺ እንዳልኩ ተቆጠረ።

በምረቃው ቀን የእኔ አልተነበበም። አላለቀም ነበር። አሁን ግን ጨርሻለሁ። ዲሬክተሩ፣ በእረፍቱ ጊዜ በሚወጣው የትምህርት ቤቱ መጽሔት ይገባል፣ ስህተቱንም የሚያርም ሰው አለ ብሎኛል። ስለዚህ ሳልፈራ እጽፋለሁ። ትንሽ እፈራለሁ።

የምጽፈው ስለ ሳድባርግ ነው፣ እኔ የማስተምረው የዳቦ ጋገራ ክፍል ልጅ ናት። በትምህርት ቤቱ ብዙ ሰው አያውቃትም። ስሟን ስጠራ «የቷ ሳድባርግ?» ይሉኛል። ረጅሟ፣ አንገቷን ቀለስ የምታደርገው ስላቸው፣ «አሃ፣ ያቺ የማትናገረዋ» ይላሉ። አዎ፣ እሷ ናት።

ወደ ሩሲያ ከመሄዷ በፊት አንድ ነገር ለመነችኝ። ዳቦዬን ግድግዳዎ ላይ ይስቀሉልኝ አለችኝ። በእኛ አገር ይህ ትንሽ ልመና አይደለም። ሩቅ የሚሄድ ሰው ከቤት ሲወጣ ከአንድ ሙሉ ዳቦ አንድ ጊዜ ይገምጣል። የቀረው በክር ታስሮ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ እስኪመለስ ማንም አይነካውም። ሲመለስ ራሱ ይጨርሰዋል። በእኔ ግድግዳ ላይ አንድ ሚስማር አለ። ሚስማሩ ላይ የልጄ የዲሎቫር ዳቦ አለ። ዲሎቫር ግን አይመለስም። ስለዚህ ለሳድባርግ እሺም እምቢም ማለት አቃተኝ። የመሄጃዋ ቀን እየቀረበ መጣ፣ እኔ ግን መልስ አልሰጠኋትም።

ነገሩ ይኸው ነው። የቀረውን ከመጀመሪያው ልናገር።

እኔ የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ክፉ የችግር ዘመን መጣ፣ መምህሮቻችን ትምህርት ቤቱን ትተው ገበያ ወጡ፣ እኛም ቤት ቀረን። ዳቦ መጋገር ያስተማረችኝ አማቴ ናት። እዚህ የቀጠሩኝ ለእጄ ነው። ልጆቹ ሌሎቹን አስተማሪዎች «ሙአሊማ» ይላሉ፣ እኔን «ኡስቶ» ይሉኛል፣ የእጅ ባለሙያ እንደማለት ነው። ይበቃኛል።

ሳድባርግ የመጣችው ከሁለት ዓመት በፊት መስከረም ላይ ነው። አያቷ እጇን ይዛ አመጣቻት። አሥራ ስድስት ዓመት የሞላት ልጅ እጇን ተይዛ ስትገባ ሌሎቹ ሳቁ። አያትየዋ አልሰማችም፣ ጆሮዋ ደክሟል። ጮክ ብላ፣ «ኡስቶ፣ ይቺ ልጅ አትናገርም፣ ግን ትሰማለች። እኔ ደግሞ እናገራለሁ፣ አልሰማም። ሁለታችን ተደምረን አንድ ሰው ይወጣናል» አለችኝ። ክፍሉ እንደገና ሳቀ። ሳድባርግ እስከ ጆሮዋ ቀላች። እጇን ግን ከአያቷ እጅ አልነጠቀችም። እኔ ያየሁት ያንን ነው። እናትና አባት የላትም፣ ያሳደገቻት አያቷ ናት።

ታኑር በሚባለው የሸክላ ምድጃችን አጠገብ የሰው ጠባይ ይወጣል። እሳቱ ከታች ነው፣ ሊጡን በጨርቅ ትራስ ላይ ዘርግተሽ፣ እስከ ወገብሽ ጎንበስ ብለሽ ገብተሽ፣ ከውስጡ ግድግዳ ላይ ትለጥፊያለሽ። መፍራት አለ። ክፍላችን ውስጥ ሻሕሎ የምትባል ተጫዋች ልጅ ነበረች፣ ታኑሩን ስታይ ወደ ኋላ ትሸሻለች።

«ፊቴ ቢቃጠል ማን ያገባኛል?» ትላለች።

«ሳይቃጠልስ ማን ጠየቀሽ?» ይሏታል ሌሎቹ።

ሳድባርግ ምንም ሳትል የሻሕሎን ሊጥ ተቀብላ ትለጥፍላት ነበር። እኔ አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ቀን ሊጡን አልተቀበለቻትም። የሻሕሎን ክንድ በራሷ ክንድ ደግፋ፣ አብራት ጎንበስ አለች፣ አብራት ለጠፈች። ሻሕሎ ስትወጣ «ለጠፍኩት! እኔ ነኝ የለጠፍኩት!» እያለች ዘለለች። ሳድባርግ ወዲያው ሊጥ ወደማቡካቱ ተመለሰች።

ሌላም አለ። ኮሪደሩ ላይ ማስታወቂያ ሲለጠፍ ሁሉም ቆሞ ያነባል። እኔ ሰው ፊት ሲሆን ፊደሉ ይጠፋብኛል፣ ብቻዬን ሲሆን ቀስ ብዬ አነባለሁ። ሳድባርግ አጠገቤ መጥታ፣ «ኡስቶ፣ ጭሱ ዓይንዎን አስለቅሶታል፣ እኔ ላንብብልዎት» ትለኛለች፣ በቀስታ ታነብልኛለች። ታኑሩ ባልነደደበት ቀንም እንደዚያው ትለኛለች። ማን እንደነገራት አላውቅም። ማንም አልነገራትም መሰለኝ።

ዲሎቫር ወደ ሩሲያ የሄደው እሷ ትምህርት ከመጀመሯ በፊት ነው። አባቱ እሱ ልጅ እያለ ሞቷል፣ ሁለታችን ነበርን። በር ላይ ቆሞ ዳቦውን ሲገምጥ፣ «እማ፣ ጨው በዛበት» አለኝ። ሳቅን። ሚስማሩ ከግድግዳው መሀል ቤቱን በተሸከመው እንጨት ላይ ነው፣ አባቱ የመታው። እዚያ ሰቀልኩት።

ባለፈው ዓመት በብርዱ ወራት በሣጥን መጣ። ከሚሠራበት ፎቅ ላይ ወደቀ አሉ። ሣጥኑ አይከፈትም አሉ። አልተከፈተም። ቀበርነው። ሴቶቹ አለቀሱ፣ የባሌ እህት ሆሲያት ጮኸች፣ እኔ ለመጣው ሰው ሁሉ ጎረቤት ያመጣው ሻይ መድረሱን አይ ነበር። አርባው አለፈ። ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ሰዎች «በርቺ» ይሉኛል። መበርታት አልነበረም። ምንም አልነበረም።

ከተመለስኩ በኋላ አንድ ቀን ዲሬክተሩ እንግዶች ይዞ ወደ ክፍላችን መጣ። ሊጡን ያቦካሁት እኔ ነበርኩ። ልጆቹ መለጠፍ ሲጀምሩ ዳቦው አልያዝ አለ። ላልቶ፣ እየተንሸራተተ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ፍሙ ውስጥ ወደቀ። በእኛ ዘንድ ዳቦ እሳት ውስጥ ሲወድቅ ሰው ዓይኑን ይሸፍናል። ከሊጡ ቀመስኩ። ጨው የለውም፣ ጨው የሌለው ሊጥ ደግሞ አይይዝም።

ዲሬክተሩ «ምንድን ነው ይሄ፣ ኡስቶ?» አለ።

እጄ ላይ የተጣበቀውን ሊጥ ማላቀቅ ጀመርኩ።

ሳድባርግ ከኋላ፣ «ውሃ ያበዛሁት እኔ ነኝ» አለች። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አያት። በሰው ፊት ስትናገር ያ የመጀመሪያዋ ነው። ዲሬክተሩ «ተጠንቀቂ እንጂ፣ ልጄ» ብሎ እንግዶቹን ይዞ ወጣ። ሻሕሎ ጠጋ ብላ፣ «አንቺ፣ አፍ አለሽ ለካ!» አለቻት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ከቡሃቃው አጠገብ መጥታ ትቆማለች። «ኡስቶ፣ ጨው እኔ ልጨምር?» ትላለች። ጨምሪ እላታለሁ። እስክትመረቅ ድረስ ጨዉን የጨመረችው እሷ ናት።

ሌላ ቀን ደግሞ ዳቦ እያወጣሁ ሻሕሎ «ኡስቶ፣ ክንድዎ!» ብላ ጮኸች። አየሁት። ከክርኔ በላይ ቆዳዬ ተነሥቷል። አላወቅሁም ነበር። የሌላ ሰው ክንድ ይመስለኝ ነበር። ሳድባርግ ሮጣ ከምግብ ቤቱ የቀዘቀዘ እርጎ አምጥታ ቀባችልኝ። «ያማል?» አለችኝ። «አያምም» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ።

በሳምንቱ ጥጥ የተሞላ እጅጌ ሰፍታ አመጣች፣ ከእጅ እስከ ትከሻ የሚደርስ። ከአያቷ አሮጌ ካፖርት የቆረጠችው ነው። ለእኔ ብቻ አልሰፋችም፣ ለክፍሉ ልጆች ሁሉ ነው የሰፋችው። እኔ ብቻዬን እንዳልለይ ነው። ይህንንም ያወቅሁት ቆይቼ ነው፣ ያኔ ምንም አላሰብኩም፣ አጠለቅሁት።

የባሌ እህት ሆሲያት ጎረቤቴ ናት፣ ታላቄ ስለሆነች «አፓ»፣ እህቴ እላታለሁ። በየቀኑ ትገባለች፣ ገብታ መጀመሪያ የምታየው እንጨቱን ነው።

«ማስቱራ፣ ዛሬም አለ?»

«ምኑ፣ አፓ?»

«ምኑ ትላለች! ያ ዳቦ ነዋ። የሞተ ሰው ዳቦ ተሰቅሎ አይቀርም። ልጁን በር ላይ አቁመሽ ልትኖሪ ነው? በውሃ አርሰሽ ለወፍ ስጪው፣ እሱም ይረፍ፣ አንቺም እረፊ።»

«እሺ፣ አፓ።»

«እሺ ትላለች ደግሞ! እሺሽን ሰብስቤ ገበያ ብወጣ ሀብታም በሆንኩ።»

እሷም ልጁን ትወደው ነበር። ክፉ ሰው አይደለችም። እኔም ላወርደው ነበር። ነገ አወርደዋለሁ እላለሁ፣ ነገ ይመጣል።

ባለፈው መከር የሳድባርግ አያት ሞተች። ሩሲያ ብዙ ዓመት የኖረች አክስቷ ለለቅሶ መጣች። የዱሮ ዳቦዋ በአያትየዋ ቤት ተሰቅሎ ነበር፣ እንደ ድንጋይ ደርቋል። አውርዳ ሻይ ውስጥ ነክራ፣ እያለቀሰች በላችው። ከዚያ ወደ ቤቷ ተመለሰች፣ አሁን ቤቷ እዚያ ሩሲያ ሆኗል። ሳድባርግንም ስትመረቅ እወስድሻለሁ፣ ከምሠራበት ዳቦ ቤት አስገባሻለሁ አለቻት። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ሳድባርግ አይደለችም፣ ሻሕሎ ናት። ሳድባርግ ስለ ራሷ አትናገርም።

ስለ ራሷ የተናገረችው አንድ ቀን ብቻ ነው። ፈተናው ሊደርስ ሲል፣ ልጆቹ ወጥተው ሁለታችን ቡሃቃ እናጥባለን።

«ኡስቶ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት?»

«ለምኚኝ።»

«ስሄድ ዳቦዬን ግድግዳዎ ላይ ይስቀሉልኛል?»

ውሃውን ማፍሰስ ተውኩ።

«ቤታችሁስ?»

«ይቆለፋል። ሰው በሌለበት ቤት አይሰቀልም።»

«አጎትሽ ጋስ?»

«ሦስቱም ወንዶች ልጆቻቸው ሩሲያ ናቸው። የአጎቴ ሚስት፣ ግድግዳችን የዳቦ ሱቅ መሰለ፣ የሚበላው ግን የለም አለች።» ትንሽ ፈገግ አለች፣ ከዚያ ተወችው። «የሚጠብቀኝ ሰው ቤት ቢሆን ብዬ ነው።»

«እስቲ ላስብበት» አልኳት።

«እሺ፣ ኡስቶ። ባይሆንም ምንም አይደለም።»

የቀረውን ቡሃቃ አጥባ ደፍታው ሄደች።

ቤቴ ገብቼ ወንበር ላይ ወጣሁ። የሷን ለመስቀል የሱን ማውረድ አለብኝ ብዬ ነው። በሟች ሚስማር ላይ የመንገደኛ ዳቦ አይደረብም። ክሩን ያዝኩት። የዲሎቫር የፊት ጥርሱ ጠማማ ነበር፣ የገመጠበት ቦታ ላይ ይታወቃል። አሁን ማልቀስ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። አልመጣም። ክሩን ለቅቄ ወረድኩ። ሌላ ቀንም ወጣሁ፣ ሌላ ቀንም ወረድኩ። ሆሲያት አንድ ጊዜ ወንበር ላይ ቆሜ አገኘችኝ።

«ልታወርጂው ነው?»

«የተማሪዬን ልሰቅል ነው።»

«የሕያው ሰው ዳቦ ከሟች ጎን? አብደሻል? በልጅቷ ላይ ክፉ ነገር ልትጠሪባት ነው? ያንን አውርጂ፣ ይሄንን ስቀይ፣ አለቀ።»

«እሺ፣ አፓ።»

ትክክል ናት። እንደዚያ ነው ደንቡ። ወረድኩ። ወንበሩንም ወደ ቦታው መለስኩት።

በትምህርት ቤት ሳድባርግ ምንም አልጠየቀችኝም። ጠዋት ጠዋት ጨዉን ትጨምራለች። ብትጠይቀኝ ይሻል ነበር።

ፈተናው ደረሰ። ዳቦዋ ጥሩ ነበር። ጠርዙ ወፍራም፣ መሀሉ ስስ፣ ከግድግዳው ሳይቆስል የለቀቀ። ፈታኞቹ ቆርሰው በሉ፣ ደግመው ቆረሱ። ሻሕሎ «የእኔንም ቅመሱ እንጂ፣ አግቡኝ የምላችሁ መስሏችሁ ፈራችሁኝ?» ስትል ሁሉም ሳቀ።

በምረቃው ቀን ግቢው ውስጥ የአፕሪኮቱ ዛፍ ሥር ወንበር ተደረደረ። ፍሬው በስሎ ነበር፣ የምክትል ዲሬክተሩ ነጭ ሸሚዝ ላይ አንዱ ወደቀበት። መምህራኑ የጻፉትን አነበቡ። የሚያምር ነበር። አበባ፣ ብርሃን፣ ክንፍ የሚሉ ቃላት ነበሩበት። ተራዬ ሲደርስ ወረቀቱ በእጄ ነበር፣ ግማሽ ነው። ተነሣሁ። ፊደሉ እንደ ልማዱ ጠፋ። ሳድባርግ ከተመራቂዎቹ መሀል ልትነሣ ስትል አየኋት፣ ልታነብልኝ። በእጄ ተቀመጪ አልኳት።

«ሳድባርግ ጥሩ ልጅ ናት» አልኩ። «ጨው አትረሳም።»

ሰዉ ሳቀ፣ አጨበጨበም። የዳቦ ጋገራ ሰው ስለሆንኩ ቀልድ መስሏቸዋል። እሷ አልሳቀችም። አንገቷን ቀልሳ ጫማዋን ታይ ነበር። ሌላ የምለው ነበረኝ፣ አልወጣም። ተቀመጥኩ።

የሄደችው በሳምንቱ ነው። ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ሳድባርግ ናት፣ ታክሲው ውጭ ቆሟል። በአንድ እጇ በጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦ፣ በአንድ እጇ መዶሻ ይዛለች።

እኔ ቶሎ ብዬ፣ «ገና አላወረድኩትም» አልኳት። «ላወርደው ነበር። ወጣሁ፣ አልቻልኩም። አሁን አወርደዋለሁ፣ ትንሽ ቆዪ።»

«አያውርዱት፣ ኡስቶ።»

ከኪሷ ሚስማር አወጣች። አሮጌ፣ ጫፉ ትንሽ የጎበጠ።

«ከአያቴ ቤት ነቅዬው ነው። የአክስቴ ዳቦ የነበረበት ነው። እዚያ ሥራ የለውም።»

ለካ ሌላ ሚስማር መምታት ይቻላል። እኔ ይህን አላሰብኩም ነበር። ስንት ጊዜ ወንበር ላይ ወጥቼ ወርጄ፣ እንጨቱ ሰፊ መሆኑን አላየሁም።

«ሆሲያት፣ ከጎኑ ክፉ ነው ትላለች» አልኳት።

«የሚያስፈራው ምኑ ነው? ዳቦ እኮ ነው። እሱም የእርስዎን ዳቦ ነው የገመጠው፣ እኔም በእርስዎ ሙያ ነው የጋገርኩት።»

ከዚህ በላይ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። ራሷም የደነገጠች መሰለኝ፣ ቶሎ ብላ ወንበሩን ሳበችና ወጣች። መታችው። በዲሎቫር ዳቦ በኩል መዶሻውን ቀስ አድርጋ ነው የመታችው፣ እንዳይነቃነቅ። ወርዳ ጨርቁን ፈታች። ዳቦው ያን ጠዋት የወጣ ነው። እንደ ደንቡ ደፍ ላይ ቆማ ገመጠች፣ ትንሽ ነው የገመጠችው፣ የእሷ ነገር ሁሉ ትንሽ ነው። የቀረውን በሁለት እጇ ሰጠችኝ። ሙቀቱ መዳፌን ፈጀኝ። አልለቀቅሁትም።

የታክሲው ሰው ጡሩንባ ነፋ። «ልጅቷ፣ አውሮፕላኑ የአጎትሽ አይደለም፣ አይጠብቅም!» ብሎ ጮኸ። ሳድባርግ እጄን ስማ ወጣች። መዶሻውን ረስታ ሄደች። አሁን እኔ ጋ ነው።

ዳቦዋን ሰቀልኩት።

ቀትር ላይ ሆሲያት ገባች። እንጨቱን አየች።

«ሁለት ሆኑ!»

«አዎ፣ አፓ።»

«ያኛውን መቼ ነው የምታወርጂው?»

«አላወርደውም።»

ትኩር ብላ አየችኝ። ከዚያ ተቀመጠች፣ «ሻይ አለ?» አለች። ቀዳሁላት። ሻዩን ጠጥታ ሄደች።

ሳድባርግ ከደረሰች በኋላ ደወለች። በስልክም ያው ናት፣ ዝምታው ይበዛል። ብርድ ነው ወይ አልኳት፣ አይደለም አለች። ዳቦ ቤቱ እንዴት ነው አልኳት፣ ታኑር የለም፣ የብረት ምድጃ ነው አለች። ጨዉን ማን ይጨምራል አልኳት። ማሽን አለች።

«ኡስቶ፣ ዳቦዬ አለ?»

«አለ።»

«ያኛውስ?»

«እሱም አለ» አልኳት።